ለትንሽ መኪና ከፍ ያለ ጎማ፦ ለጅማ መንገድ ተለክቶ እንዴት ይገጠማል

ጅማ ውስጥ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ትንሽ ሱዙኪ የሚነዳ ሰው ከመቀመጫው ስር የሚመጣውን "ክርርር" የሚል ድምፅ ያውቀዋል። ኮብልስቶኑ የተነቀለበት ቦታ፣ ክረምት ውሃ የቆረጠው ቦይ፣ ሰፈርተኛ ተሰብስቦ በራሱ ሥልጣን የሠራው ጉብታ፣ ሁሉም የመኪናዋን ሆድ ያሻታል። ወደ ጅሬን ሽቅብ ወይም ወደ ሰቃ ጨቆርሳ ገጠር ቀበሌ መግባት ከመጣማ ድምፁ መጥቶ አይሄድም። ከዚያ "ጎማ ከፍ ላድርጋት" የሚለው ሐሳብ ይከተላል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው መለካት የሚጀምረው ጎማውን ከገዛ በኋላ መሆኑ ነው። መሪ ሲዞር ጎማው ፕላስቲክ ሲፍቅ፣ አራት ሰው ሲሳፈር ኋላው ሲታሽ፣ ያኔ ሜትር ይፈለጋል። እዚህ የምጽፈው ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ነው፦ መጀመሪያ ስሌት፣ ቀጥሎ መኪናዋ ላይ ልኬት፣ ከዚያ ግዢ። ምሳሌዬ 165/70አር14 የሚል ጎማ ያላት ቪትዝ ናት፤ ሌላ መኪና ያላችሁ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት፣ ሥራው ያው ነው።

መጀመሪያ ምን ያህል እንደምትነሳ እወቁ

የጎማው ሙሉ ቁመት ሁለት ሳንቲሜትር ቢያድግ መኪናዋ የምትነሳው አንድ ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ቸርኬው መሃል ላይ ስለሆነ የጭማሪው ግማሽ ከመሃሉ በታች፣ ግማሹ ከመሃሉ በላይ ይሄዳል። የታችኛው ግማሽ መኪናዋን ያነሳል። የላይኛው ግማሽ ምንም አያነሳም፤ ከፓራፋንጎው ጋር የነበረውን ክፍተት ይበላል እንጂ። በጎማ ብቻ መኪናቸው ፒክአፕ የምታህል የሚመስላቸው ሰዎች የሚያዝኑት ይህን ስላላሰቡ ነው።

አሁን ቁጥሩን እናንብብ። 165/70አር14 ሲባል 165 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 70 የጎማው ጎን ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። "አር" የጎማው አሠራር ራዲያል የሚባለው ዓይነት መሆኑን ይናገራል። 14 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ሲሆን አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ፦

የጎን ከፍታ፦ 165 × 0.70 = 115.5 ሚሊሜትር።
ቸርኬ፦ 14 × 25.4 = 355.6 ሚሊሜትር።
ሙሉ ቁመት፦ 115.5 × 2 + 355.6 = 586.6 ሚሊሜትር።

ገበያ ላይ የሚቀርቡላችሁን መጠኖች በዚሁ መንገድ አስሏቸው። 175/70አር14 ሙሉ ቁመቱ 600.6 ይመጣል፤ ከዋናው በ14 ሚሊሜትር፣ በመቶኛ 2.4 ይበልጣል፣ መኪናዋን በ7 ሚሊሜትር ያነሳል። 185/65አር14 ደግሞ 596.1 ነው፤ ስፋቱ በጣም ጨምሮ የሚያነሳው ግን አምስት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። 185/70አር14 ወደ 614.6 ይደርሳል፤ ጭማሪው 28 ሚሊሜትር (4.8 በመቶ)፣ ከፍታው 14 ሚሊሜትር ነው። ቸርኬ ቀይራችሁ 185/60አር15 ብታስገቡ 603 ሲሆን 185/65አር15 ብታስገቡ 621.5 ይሆናል። የኋለኛው ከዋናው በ5.9 በመቶ ይበልጣል።

በሙሉ ቁመት ከዋናው በ3 በመቶ የማይበልጥ መጠን ምረጡ፤ በዘርፉ ሰዎች ዘንድ የተለመደው ልክ ይኸው ነው። ከ3 እስከ 5 ያለው ያለ ጥንቃቄ የማይሞከር ነው፣ መኪናዋ ላይ ተለክቶ ብቻ የሚወሰን። ከ5 በላይ ያለውን ለትንሽ መኪና አልመክርም፤ የሚገኘው አንድ ሳንቲሜትር ተኩል፣ የሚጠፋው ግን ብዙ ነው።

ለጅማ የእኔ ምርጫ 175/70አር14 ነው። "ሰባት ሚሊሜትር ምን ትሆናለች?" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ሰባት ሚሊሜትር ሆድን ከጉብታ ሁልጊዜ አያድንም፤ ይህ እውነት ነው። የጎማው ጎን ግን ከ115.5 ወደ 122.5 ያድጋል፤ ያ ተጨማሪ ጎማና አየር ኮብልስቶን ላይ ድንጋጤውን ይውጣል፣ ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡም ቸርኬው እንዳይጣመም ይከላከላል። በሌላ በኩል ባለ 15 ቸርኬው 185/60 የጎን ከፍታው 111 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጎማው ትልቅ ሆኖ ሳለ በድንጋይና በብረት መካከል ያለው ጎማ ከድሮው ያነሰ ነው ማለት ነው። ለአስፋልት ያምራል። ለእኛ መንገድ ግን ቸርኬ ማሳደግ ገንዘብ ከፍሎ ችግር መግዛት ነው።

ስፋትም እንዲሁ ይታሰብበት። ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ ይሻላል የሚለው ለትንሽ መኪና ብዙም አይሠራም። በጅማ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር ሲረጥብ ላዩ ይንሸራተታል፣ ስሩ ግን ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፤ ጠበብ ያለ ጎማ ላዩን ቆርጦ ወደ ጠንካራው ይደርሳል፣ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። እዚያ ላይ ውጤቱን የሚለውጠው ከመጠኑ ይልቅ የጎማው ጥርስ ነው። ጥርሱ ያለቀ 185 ጥርሱ ሙሉ ከሆነ 165 ጋር አይወዳደርም፤ ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለጥርሱ ክፈሉ።

መኪናዋን መለካት

በዚህ ክፍል አትቸኩሉ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የሚያስፈልገው ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ፕላስተር፣ የተጣለ ነጠላ ጫማና አንድ ጓደኛ ነው።

በመጀመሪያ የሾፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ፋብሪካው የፈቀደው የጎማ መጠንና የንፋስ ልክ እዚያ ተጽፏል። አንዳንዴ ሁለት መጠን ይጻፋል፤ ትልቁ ለዚያች መኪና ከፋብሪካ የተፈቀደ ስለሆነ ብዙ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይገጠማል። ደግሞ አሁን ያለው ጎማ ዋናው ላይሆን እንደሚችል አትርሱ። ያገለገለ መኪና ከሆነ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ቀይሮት ሊሆን ይችላል፤ ስሌታችሁን የምትጀምሩት ከበሩ ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛ፣ የእገዳውን (የሞላውንና የሾክ አብዞርበሩን) ጤና እዩ። ሞላው የተቀመጠ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበራት ከፍታ ወርዳ ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ አቁማችሁ በአራቱም በኩል ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ለኩ። ግራና ቀኝ በግልጽ ከተለያዩ ጎማ ከመግዛት በፊት ሞላው ይታይ። አንዳንዱ ሰው ለጎማ የመደበውን ብር ለሞላ ቢያውለው የበለጠ ከፍ ትልለት ነበር።

ሦስተኛው በክሪክ የሚሠራ ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ፣ ማርሹን ባዶ አድርጉ። የፊቱን ጎማ ዳዶዎች መሬት ላይ እያለች አላሏቸው፤ ከተነሳች በኋላ መታገል ክሪኩን ያንሸራትታል። ከዚያ አንሱት። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ስር ግን በምንም ምክንያት አትግቡ።

አሁን እጃችሁን ከጎማው በላይና ከውስጥ በኩል ወደ ሾክ አብዞርበሩ ስደዱ። ሞላው የተቀመጠበት ክብ ብረት አለ፤ በብዙ ትንንሽ መኪና ላይ ትልቅ ጎማ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ከዚያ ብረት እስከ ጎማው ያለውን ክፍተት ለኩ። ይህ ክፍተት ልዩ ጠባይ አለው፦ መኪናዋ ጉድጓድ ብትገባም ብትጫንም አይለወጥም፣ ጎማውና የሾኩ የታችኛው ክፍል አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ። በክሪክ ላይ ያገኛችሁት ቁጥር መንገድ ላይም ያው ነው። 175/70 ወደ ላይ 7፣ ወደ ውስጥ ደግሞ 5 ሚሊሜትር ያድጋል፤ ይህን ቀንሳችሁ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ከተረፈ ይበቃል። ካልተረፈ ያ መጠን ለእናንተ መኪና አይሆንም።

ከፓራፋንጎው ጋር ያለው ክፍተት ግን በጭነትና በመሪ ስለሚለዋወጥ በክሪክ አይለካም። ነጠላ ጫማው የሚያገለግለው እዚህ ነው። ሶሉን 15 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለውን መርጣችሁ የእጅ መዳፍ በሚያህል ቁረጡና በጎማው ጥርስ ላይ በፕላስተር ጠቅልላችሁ እሰሩት። ከ15ቱ ሚሊሜትር 7ቱ የአዲሱ ጎማ ጭማሪ፣ የቀረው የመጠባበቂያ ክፍተት ነው። የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ፣ የባምፐሩን የኋላ ጥግና ጭቃ መከላከያውን በጠመኔ ቀቡ። መኪናዋን አውርዱ፣ ያላላችኋቸውን ዳዶዎች መልሳችሁ አጥብቁ፣ መሪውን ጥግ ድረስ ወደ ቀኝ አዙሩና በእግር ፍጥነት ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ ንዷት። ጓደኛችሁ ራቅ ብሎ ይይ፣ እጁን አያስገባ። በግራም ድገሙት።

ቀጥሎ ጭነት ጨምሩ። አራት ሰው አሳፍሩ፣ የኋላ ሻንጣው ላይ 60 ኪሎ የሚሆን ነገር ጫኑ፤ እኛ ዘንድ አንድ ጆንያ ቡና ማለት ነው። አንዱን የፊት ጎማ 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ባለው ጠንካራ እንጨት ላይ ቀስ ብላችሁ አውጡት። የወጣው ጎማና በሰያፍ ያለው የኋላ ጎማ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። እዚያ ላይ እያለች መሪውን ጥግ ለጥግ አዙሩ። ሶሉን ወደ ኋላ ጎማ አዛውራችሁም ሞክሩ፤ ኋላ ላይ የሚያሰጋው የፓራፋንጎው የብረት ከንፈር ነው።

ሲያልቅ ጠመኔውን ተመልከቱ። ካልተነካ ጉዳዩ አልቋል። በጭቃ መከላከያው ወይም በፕላስቲኩ ጫፍ ላይ ትንሽ ጭረት ካለ ፕላስቲኩን ወደኋላ ስቦ በብሎን ማሰር፣ ጭቃ መከላከያውን ማሳጠር ይቻላል። ብረት የተነካ እንደሆነ ግን ፓራፋንጎ በመዶሻ የሚቀጠቅጥላችሁ ሰው ብታገኙም እንኳ አታድርጉት፤ በአንድ ቁጥር ዝቅ በሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ የሚለካ ሰው 8 ሚሊሜትር ክፍተት በቂው ሊሆን ይችላል። ጅማ ግን ዝናቧ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም የሚዘልቅ፣ ጭቃዋም የሚጣበቅ ናት። በጎማውና በፕላስቲኩ መካከል ገብቶ የደረቀ ጭቃ ጎማውን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ጠዋት ስትነሱም ፕላስቲኩን ነቅሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ካልሆነ ክፍተቱን ጨምሩ። ወደ ዴዶ ወይም ወደ ጌራ አዘውትራችሁ የምትወጡ ሰዎች ጎማ ሳይነካ ጭቃ የሚያልፍበት ሁለት ጣት ክፍተት ቢኖራችሁ ይመረጣል።

ቸርኬው ይይዘዋል?

ይህ አጭር ነው። ቸርኬው ላይ 5ጄ ወይም 5½ጄ የሚል ታገኛላችሁ፤ የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። 175/70 በሁለቱም ላይ በደንብ ይቀመጣል። 185/65 ከ5 ኢንች በታች በሆነ ቸርኬ ላይ መግባት የለበትም፤ 5½ ነው የሚመቸው። ቸርኬ የምትቀይሩ ከሆነ ለቪትዝና ለብዙ ትንንሽ ቶዮታ የዳዶ ቀዳዳው አራት፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ 100 ሚሊሜትር፣ የመሃሉ ቀዳዳ 54.1 ሚሊሜትር ነው። የመሃሉ ቀዳዳ የሰፋ ቸርኬ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ሳይኖረው ከገባ ባላንስ ተሠርቶም ይንቀጠቀጣል። ጎማ ወደ ውጭ እንዲወጣ በቸርኬና በመኪናው መካከል የሚገባ ስፔሰር ደግሞ ኩሽኔታን ይገድላል፤ አታስገቡ።

ግዢ

ሱቅ ስትገቡ በወረቀት የተጻፈ መጠን ይዛችሁ ግቡ። "ወንድሜ፣ 175 የለኝም፤ ይቺን 185 ውሰዳት፣ በአንድ ቁጥር ብቻ ነው የምትበልጣት" የሚል ነጋዴ አይጠፋም። አትቆጡት፣ ሥራው መሸጥ ነው። እናንተ ግን 185/70 ከዋናው በ28 ሚሊሜትር እንደሚበልጥ አስላችኋል፤ ልኬታችሁ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ጠይቁ ወይም ከአዲስ አበባ አስልኩ።

ከመጠኑ ጎን ሌላ ቁጥርና ፊደል አለ፤ ለምሳሌ 84ቲ። 84 አንዱ ጎማ የሚሸከመው 500 ኪሎ መሆኑን፣ ቲ ደግሞ በሰዓት 190 ኪሎሜትር መቻሉን ያሳያል። 81 ማለት 462 ኪሎ ነው። የምትገዙት ቁጥር በበሩ ላይ ወይም በዋናው ጎማ ላይ ካለው አይነስ፤ መጠኑ አድጎ የመሸከም አቅሙ ያነሰ ጎማ አለ፣ ርካሽ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ዕድሜውን በጎኑ ላይ "ዶት" ከሚለው ምልክት በኋላ ካሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች ታነባላችሁ። 2323 ከሆነ በ2023 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመ "አዲስ" ጎማ ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይኖረዋል። ጎኑን አጠፍ አድርጋችሁ በስልክ መብራት እዩ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን እለፉ። ከበረዶ አገር የመጣ ጎማ ነው፤ ላስቲኩ ለብርድ ታስቦ የለሰለሰ ስለሆነ በእኛ ሙቀትና ድንጋይ ቶሎ ያልቃል።

አራቱንም በአንዴ ቀይሩ። ገንዘብ ካጠረ ከነጭራሹ ጠብቁ እንጂ ሁለት ትልቅ ሁለት ትንሽ አድርጋችሁ አትንዱ። በተለይ በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኝ ከተለያዩ ዲፈረንሻሉ ቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ ያለ እረፍት ይሠራል፣ መኪናዋም ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያላት መኪና ደግሞ የፊትና የኋላ ፍጥነት ልዩነትን እንደ ችግር ልታነበው ትችላለች። አራቱም ጎማ የሚነዳባት ቪትዝ ከሆነች ይህ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው።

መግጠም

ጎሚስታ ጋር ስትሄዱ ቆማችሁ እዩ። ጎማው ወደ ቸርኬው ሲገባ ጠርዙ በሳሙና ውሃ መርጠብ አለበት፤ በደረቁ በሌቫ ሲጎተት ጠርዙ ይቀደዳልና በኋላ ንፋስ በዝግታ ያፈሳል። የንፋስ መግቢያ ቫልቩን አዲስ አስገቡ፤ ዋጋው ኢምንት ነው። ጎኑ ላይ የአቅጣጫ ቀስት ካለ መኪናዋ ወደፊት ስትሄድ በሚዞርበት በኩል ይሁን። ከዚያ ባላንስ፤ ትልቅ ጎማ ከበድ ስለሚል ባላንሱ ያልተሠራ ከሆነ መሪው ላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥም ይብሳል።

ቸርኬው ከመታሰሩ በፊት የሚቀመጥበትን ብረት በሽቦ ብሩሽ አጽዱት። በዝናብ አገር እዚያ ዝገት ይከማቻል፤ ዝገቱ ላይ የታሰረ ቸርኬ ከጥቂት ቀን በኋላ ዝገቱ ሲፈረፈር ይላላል። ዳዶዎቹን በእጅ አስገብታችሁ በሰያፍ፣ አንዱን ከዚያ ትይዩውን እያላችሁ አጥብቁ። ክብ እየዞሩ በተራ ማጥበቅ ቸርኬውን ጠማማ ያስቀምጠዋል። የቶዮታ ትንንሽ መኪኖች የማጥበቂያ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ መፍቻ የለንም የምትሉ በዚህ አስቡት፦ 30 ሳንቲሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ያህል መጫን። ጎሚስታው መፍቻው ላይ ቱቦ ቀጥሎ ከቆመበት "ይበቃል" በሉት። ብሎኑ ያኔ ባይበጠስ እንኳ ይሳሳል፤ ሌሊት በዝናብ አጋሮ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ በመኪናዋ ትንሽ መፍቻ አይፈታም።

ንፋሱን በበሩ ላይ ከተጻፈው ጀምሩ። ትንንሽ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ መካከል ነው። "ትንሽ ጠንከር ይበልላት፣ ከፍ ትላለች" የሚለውን አትቀበሉ፤ ከፍታው የማይታይ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ግን እንደ ኳስ ትነጥራለች፣ የጥርሱ መሃልም ቀድሞ ያልቃል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ግቤ በረሃ ወርዳችሁ ብትለኩ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ሙቀቱ ነው፣ አታስተንፍሱት።

ከግጥሙ በኋላ ዊል አላይመንት አሠሩ። ጎማውን መቀየር ብቻውን አላይመንት አያበላሽም፤ ግን አዲስ ጎማ በተበላሸ አላይመንት ላይ መጫን በጥቂት ወር ውስጥ አንድ ጎኑን መላጨት ነው።

ሙከራ

ጠመኔውን እንደገና ቀቡና በእውነተኛው ጎማ ሙከራውን ድገሙ፦ መሪ ጥግ ለጥግ፣ ወደኋላ ጥግ ለጥግ፣ ሰው አሳፍሮ ጉብታ ላይ። ሬዲዮ ይዘጋ፣ መስኮት ይከፈት። የሚታሽ ጎማ "ሽሽሽ" ይላል፤ ኩሽኔታ ሲያረጅ ከሚሰማው ጉርምርምታ የሚለየው መሪ ሲዞር ወይም ጉብታ ላይ ብቻ መምጣቱ ነው። ከዚያ ወደ አጋሮ በሚወስደው አስፋልት ላይ መንገዱ በሚፈቅድበት ፍጥነት ንዱ። መሪው በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ባላንስ ነው፣ ወደ ጎሚስታው ተመለሱ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ጎማው ላይ አታላክኩ፤ ዲስኩን አሳዩ።

ሾፌሩ የሚያስተውለው ለውጥ

ጎማው ስላደገ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ዳሽቦርዱ ግን ይህን አያውቅም። በ175/70 ቆጣሪው 80 ሲል በእውነቱ 82 ያህል እየሄዳችሁ ነው፤ በ185/70 ከሆነ ወደ 84 ይጠጋል። የፋብሪካ ቆጣሪ በተፈጥሮው ትንሽ ከፍ አድርጎ ስለሚናገር በመጀመሪያው መጠን ልዩነቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ይካካሳል። በስልክ ጂፒኤስ አንዴ አነጻጽሩና ልዩነታችሁን ያዙ። የተነዳው ኪሎሜትርም እንዲሁ አንሶ ይመዘገባል፦ 5,000 ብሎ ዘይት ስትቀይሩ የሄዳችሁት 5,120 ገደማ ነው። "ትልቅ ጎማ ካስገባሁ ወዲህ ነዳጅ በላች" የሚል ሰው ግማሹን ከዚህ ነው የሚያመጣው፤ ኪሎሜትሩ አንሶ ስለተቆጠረ ፍጆታው የጨመረ ይመስላል። ቀሪው ግማሽ ግን እውነት ነው፤ ከባድ ጎማ ለማስነሳት ጉልበት ይጠይቃል።

አንድ ሊትር ሞተር ያላት መኪና ላይ ይህ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው። ማርሹ በሙሉ ትንሽ የረዘመ ያህል ይሆናል። ጅሬን ስትወጡ ድሮ በሁለተኛ ማርሽ ትጎትት የነበረች መኪና አሁን አንደኛ ልትጠይቃችሁ ትችላለች፤ አትከራከሯት፣ ፍሪሲዮን ከማቃጠል ማርሽ መቀነስ ይረክሳል። ቁልቁለት ላይም የሞተር ፍሬኑ በዚያው ልክ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ወደ ግቤ ስትወርዱ ከለመዳችሁት አንድ ማርሽ ቀንሱ። የፍሬን ሸራችሁ ያለቀ ከሆነ ከጎማው በፊት እሱ ይቀየር።

ዓመታዊ ምርመራ ከመድረሱ በፊት የቦሎ መርማሪዎች መጠኑን እንዴት እንደሚያዩት ምርመራ ጣቢያው ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከፓራፋንጎ ውጭ የወጣ ጎማ በዓይን ስለሚታይ ጥያቄ ያስነሳል። ኢንሹራንሳችሁ ሙሉ ከሆነ ለእነሱም አሳውቁ፣ በጽሑፍ።

የሚቀሩ ሥራዎች

ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና በልካቸው አጥብቁ፤ በተለይ ቸርኬ ቀይራችሁ ከሆነ። በዚያው አጋጣሚ መሪውን ጥግ አዙራችሁ የጎማውን ውስጠኛ ትከሻና የሞላውን መቀመጫ በመብራት እዩ። የሚያብረቀርቅ የተፈተገ ቦታ ካለ እየነካ ነው፣ ድምፅ ባይሰማም።

ተጠባባቂ ጎማው ይረሳል። ሻንጣ ውስጥ ያለው የድሮው መጠን ነው፤ ከአዲሱ በ14 ሚሊሜትር ያንሳል። የፊት ጎማ ቢፈነዳ ትንሹን ፊት ላይ አስራችሁ ጅማ ድረስ አትምጡ፤ ጤነኛውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት አዛውሩና ትንሹን ኋላ እሰሩት፣ በዝግታም እስከ መጀመሪያው ጎሚስታ ንዱ። አምስተኛ ጎማ በአዲሱ መጠን መግዛት ከተቻለ ግን ሻንጣው ውስጥ ያለው ጎድጓዳ ቦታ እንደሚይዘው አስቀድማችሁ ለኩ። 175/70 ብዙ ጊዜ ይገባል። 185/70 ግን የሻንጣውን ወለል ከፍ አድርጎ ክዳኑ አልዘጋ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ የድሮውን እዚያው ትታችሁ የእግር ፓምፕና የጎማ መጠገኛ መያዝ ይሻላል።